የሐኪም ቤቱ ትምህርት

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሮማ ውስጥ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ የኛ ነበር። በሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። አሠሪዎቻችን፣ ሲኞራዎቹ፣ የምሳውን ሳህን አሳጥበው ይለቁናል፤ እኛም ሽርጣችንን ወርውረን፣ ከንፈራችንን ቀባ ቀባ አድርገን፣ አውቶቡስ ላይ ጉብ ነው። አደባባዩ ላይ ወሬ ይቀዳል። ማን ከአገር ወጣ፣ ማን ታሰረ፣ የማን ልጅ ዘመተ። የደርግ ጊዜ ነውና ወሬው ደግ ደጉን አያበዛም። እኔ ግን ለወሬ ጊዜ የለኝም ባይ ነበርኩ። ከአደባባዩ ጀርባ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አስተምራለሁ ስል አፌን ሞልቼ ነው፤ የአስተማሪዋ ረዳት ነበርኩ። ግን ሰዉ «መምህርት» ሲለኝ አላርምም። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልደብቅ።

አስተማሪዋ አየርላንዳዊት መነኩሴ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ። ሲስተር እንላቸዋለን። አማርኛ አያውቁም። እኔ አዲስ አበባ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ስለነበር የሳቸውን እንግሊዝኛ ለተማሪው፣ የተማሪውን ድንጋጤ ለሳቸው አደርሳለሁ። ተማሪው ሁሉ ትልቅ ሰው ነው፤ የድሮ ሹፌር፣ የባንክ ጸሐፊ የነበረ፣ ሞግዚት፣ ወጥ ቤት። ሮማ ለአብዛኞቹ የመንገድ ማረፊያ ናት፤ ልባቸው ካናዳና አውስትራሊያ ሄዷል። ስለዚህ ግጥም አንማርም፣ ሰዋስውም እምብዛም አናነሳም። የምንማረው ለኑሮ የሚሆን ነው። ስልክ አንስቶ መነጋገር፣ ስምን ፊደል በፊደል መጥራት፣ የአውቶቡስ ሰሌዳ ማንበብ፣ «ይኼ ጫማ ጠበበኝ፣ ለውጡልኝ» ማለት፣ አከራይን ማነጋገር፣ ሐኪም ፊት ቀርቦ ሕመምን ማስረዳት።

ፈተናውም እንደዚያው ነው፤ ወረቀትና እርሳስ የለውም። በትምህርቱ ማብቂያ ከውጭ አንዲት ፈታኝ ትመጣለች። አንዴ ባለሱቅ፣ አንዴ አከራይ፣ አንዴ ሐኪም ሆና ትቀመጥና ተማሪውን ታናግረዋለች። ለእያንዳንዱ ክፍል ከሦስት አንዱን ትፈርዳለች፤ ብቻውን ይችላል፣ ሰው ቢያግዘው ይችላል፣ ወይም ገና ነው።

ከተማሪዎቹ ውስጥ አንዲት ሴት ነበሩ። እማማ እንላቸዋለን፤ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ነው። አዲስ አበባ ለጣልያን ቤተሰብ ወጥ ሲሠሩ ኖረው፣ ያ ቤተሰብ ንብረቱ ተወርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዟቸው መጣ። አሠሪዎቻቸው ሲያርፉ እማማ ፒኜቶ የሚባል የሮማ ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ ደረጃ እያጠቡ ቀሩ። በዚህ ዓለም ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። እሷም በቀይ ሽብሩ ጊዜ በሱዳን ወጥታ ካናዳ ገብታለች። ከተለያዩ ወዲህ የተያዩት በፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ልጅቷ የምትሳለምበት ቤተ ክርስቲያን ምእመናን እናትየውን ሊያስመጡላት ተስማሙ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ልጅቷ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነች፤ ስለዚህ እናትየው በእንግሊዝኛ ራሳቸውን ችለው የሚውሉ መሆናቸው ይረጋገጥ። በሁሉም ክፍል «ብቻቸውን ይችላሉ» መባል አለባቸው ማለት ነው። አንዱ ከጎደለ ነገሩ ለከርሞ ያድራል፤ ከርሞ ደግሞ ማን ያውቃል? እማማ ይህን ሲሰሙ ፒኜቶ ድረስ እየመጣሽ አስጠኚኝ አሉኝ። እኔም እናቴን አገር ቤት ጥዬ የመጣሁ ሰው ነኝና ሆዴ አልቻለም፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትራም ይዤ እሄድላቸው ጀመር።

እማማ ጎበዝ ነበሩ። ፊደሉን ባይወዱትም አፋቸው አይያዝም። በገበያው ልምምድ ባለሱቅ የሆኑትን ሲስተርን እየተከራከሩ አስጨንቀው፣ ሲስተር «ውሰጅው፣ በነፃ ውሰጅው!» እስኪሉ ያደርሷቸዋል። ስልክ ሲይዙ ካናዳ ድረስ ያለ ስልክ የሚሰማ ይመስል ይጮሃሉ እንጂ የተጠየቁትን ሁሉ ይመልሳሉ። የአውቶቡሱን ሰሌዳ እንደ ዳዊት ነው የሚወርዱት። በቃ አለፉ አልን።

ከዚያ «ሐኪም ፊት» የሚለው ትምህርት መጣ፤ ጉዳችን ፈላ።

ሲስተር ካርድ ያድላሉ። አንዱ ላይ ራሱን የያዘ ሰው፣ አንዱ ላይ ሆዱን የያዘ ሰው ተስሏል። ተማሪው ሲስተር ነጭ ልብስ ለብሰው ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ ይሄድና «አሞኛል፣ እዚህ ጋ ያመኛል» ማለት ነው። ይኼው ነው። ማን ወንድ ይናገረው! መጀመሪያ የተጠሩት ሹፌር የነበሩት ሰውዬ ናቸው። ካርዱን ገልብጠው ገለባብጠው አዩና «ጎረቤቴን አሞታል» አሉ። ሲስተር ግራ ገባቸው። «ጎረቤትህ የት አለ?» «ቤቱ።» «አንተስ?» «እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቀጣይዋ የታመመባት ሚላኖ ያለች የአክስቷ ልጅ ነበረች። ከዚያ በኋላ የመጣው የባንክ ጸሐፊ ደግሞ የአለቃውን ሆድ ሊያሳክም ነው የመጣው፤ እሱንስ ደስ ብሎት ነው የተናገረው። የሲስተር ክሊኒክ ጤነኛ ብቻ የሚሰለፍበት ሆነ።

ሲስተር ወደኔ ዞሩ። «ምን ሆነዋል?» አስረዳኋቸው። እኛ ዘንድ ጤነኛ ሰው በገዛ አፉ በሽታ በራሱ ላይ አይጠራም። ሟርት ነው። አፍ ያመጣዋል። ሲስተር እንባቸው እስኪመጣ ሳቁና «ፈታኟ ግን የጎረቤትን ሕመም አትቀበልም» አሉ።

ሌላው ቀስ በቀስ እሺ አለ። «ጨዋታ ነው እንጂ» እያለ፣ ተናግሮ ሲጨርስ እንትፍ እንትፍ እያለ፣ ራስ ምታቱን ተናገረ። እማማ ግን ወይ ፍንክች!

«ስሙን ቄስ ይጥራው፣ ልጄ» አሉኝ አንድ እሑድ ፒኜቶ ክፍላቸው ውስጥ። «እኔ ሳያመኝ አመመኝ አልልም።»

«እማማ፣ ይህን ካላሉ ካናዳ የለም እኮ!»

«ሌላውን ሁሉ ችያለሁ አይደል? ገበያውን ሁለት ጊዜ ልፈተንላቸው።»

«አይሆንም! አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ልጅዎን ማየት አይፈልጉም?»

ይህን ስል ተነስተው የሻዩን ማንቆርቆሪያ አነሱ። እኔ ደግሞ ንዴት ሲይዘኝ አፌ አያርፍም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» ብዬ ተረትኩባቸው። እሳቸውም «እሱ የታመመ ሰው ተረት ነው» ብለው ሻዩን ቀዱልኝ። ዛሬ ያቺን ተረት ሳስባት ምላሴን ልነክሳት እወዳለሁ።

የሮማው የብርድ ወራት እንዲህ ስንነታረክ አለፈ። ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ ሐሙስ እማማ ዘግይተው መጡ። ልብሳቸው ሰፋ ብሏቸዋል፤ ጾሙ ነው አልኩ በልቤ። አጠገቤ ተቀመጡና «በይ፣ ዛሬ የሐኪሙን እናድርግ» አሉኝ። አላመንኩም። ካርዱን ላወጣ ስል «ተይው» አሉ። እጃቸውን ቀኝ ጎናቸው ላይ፣ ከጎድናቸው በታች አሳረፉና በእንግሊዝኛ ጀመሩ። «አይ ሃቭ ፔይን። ሂር።» ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ቃል በቃል እየፈለጉ፣ ስበላ ይብሳል አሉ። ስተኛ ይብሳል አሉ። ሳል ሲመጣ እንደ ቢላ ነው አሉ።

«እሰይ!» ብዬ ዘልዬ ሳምኳቸው። «ጎበዝ! እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! ‹ቢላ›ን ከየት አመጧት?» ሲስተርን ጠራኋቸው፤ ሌላውንም ሰው ጠራሁ። እማማ እንደገና ተናገሩ። ሰዉ አጨበጨበ። ሹፌሩ «እሳቸው እኮ ቲያትር ቤት መግባት ነበረባቸው» አሉ። እማማ ፈገግ አሉ። እኔ ምን አደረግኩ? አንድ ያበላሿትን ቃል አረምኩላቸው። ወይ እኔ! ሰው ጎኑን ይዞ ፊቴ ተቀምጦ፣ እኔ ቃል አርማለሁ።

ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ የሐኪሙን ልምምድ ራሳቸው ናቸው የሚጠይቁኝ። ሁልጊዜ ያው ጎን፣ ያው ቦታ። አንዴም ራስ ምታት አላሉም፣ አንዴም ጥርስ አላሉም። እኔ «አንዱን በደንብ መያዙ ይሻላል» ብዬ ሲስተርን አሳምኛለሁ።

የፈተናው ዕለት ፈታኟ መጣች፤ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ የማትስቅ ሴት። እማማ ገበያውን አለፉ፣ ስልኩን አለፉ፣ አከራዩን አለፉ። ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እኔ ከኋላ ቆሜ ጣቴን እጠማዘዛለሁ። እማማ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ጎናቸው ላይ አደረጉና ተናገሩ። ፈታኟ ብዕሯን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?» አለቻቸው። ይህን አላጠናንም ነበር። እማማ ግን አላመነቱም፤ ለጥምቀት እንግሊዝኛ ፈልገው አጡና «ጃንዋሪ» አሉ። ፈታኟ ጎንበስ ብላ፣ እንደ እውነተኛ ሐኪም፣ «ለሰው ነግረሻል?» አለች። «የስ» አሉ እማማ፤ ዞረውም ወደኔ አዩ። እኔ እጄን አወዛወዝኩላቸው፣ በርቱ ለማለት።

በሁሉም ክፍል ብቻቸውን ይችላሉ ተባለ። ሲስተር ጄላቶ፣ የጣልያኑን አይስክሬም፣ ጋበዙን። ሰዉ ሁሉ «መምህርት፣ አንቺ ነሽ ያሳለፍሻቸው» ሲለኝ ራሴን ከፍ አድርጌ ነበር የምሄደው።

ለጉዞው የቀረው የጤና ምርመራ ነበር፤ የታመመ ሰው ካናዳ አያስገቡም። ሲኞራዬን ለምኜ እማማን ይዤ ሄድኩ፣ ላስተረጉም። ሐኪሙ ሽበታም ጣልያን ነው፤ ጉዳዩ የካናዳ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቀው። ደም ተወሰደ፣ ደረታቸው ራጅ ተነሳ። ከዚያ አልጋው ላይ አስተኛቸውና ሆዳቸውን እየተጫነ «የሚያምሽ ቦታ አለ?» አለ። ልተረጉም ወደ እማማ ዞርኩ። ቀደሙኝ።

«ኖ ፔይን። አይ አም ፋይን።»

ሐኪሙ ቀኝ ጎናቸውን ተጫነ። ፊታቸው ላይ አንድም ነገር አልተነበበም። ከእግራቸው በኩል የቆምኩት እኔ ግን የእግራቸው ጣቶች ተቆልምመው ሲጨማደዱ አየሁ። ያኔ ገባኝ። ሁሉም ነገር አንዴ ገባኝ። እኚህ ሴት በራሳቸው ላይ የማያሟርቱ ሴት ናቸው። ሻይ በቀዱልኝ በዚያ እሑድ ሳያመኝ አመመኝ አልልም ብለውኛል። ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ እውነት ነበር።

ሐኪሙ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «አሎራ» አለ፣ «ቱቶ ቫ ቤኔ?» እንግዲህ ሁሉ ደህና ነው? ማለቱ ነው። እማማም አዩኝ። ልመና አልነበረም ዓይናቸው ውስጥ፤ ልጃቸው ነበረች። አንድ ቃል ብተነፍስ ካናዳ ቀረች፤ ሮማ ሆስፒታል ይገባሉ፣ ይድኑም ይሆናል፣ ልጃቸውን ሳያዩ ይቀሩም ይሆናል። እኔ ማነኝ ይህን የምቆርጠው? ግን ቆረጥኩት።

«ቫ ቤኔ» አልኩ፤ ደህና ናቸው።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። «እማማ» አልኳቸው፣ «ያ በፈተናው ያሉት...»

«በአማርኛ የነገርኩሽ ነገር የለም» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን በእንግሊዝኛ ነገሩኝ?»

እጄን ያዙኝ። «ለሰው መናገር ነበረብኝ ልጄ፤ ብቻዬን ከበደኝ። በአማርኛ ብነግርሽ ታለቅሺብኛለሽ፣ ይዘሽኝ ሆስፒታል ትሮጫለሽ። በእንግሊዝኛ ስነግርሽ ግን ጎበዝ አልሽኝ። ሰዉም አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ቀለል አለኝ።»

ማልቀስ ፈራሁ፤ ካለቀስኩ የነገሩኝ ይሆናልና። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ውሸት ነው፤ ሆድ ውስጥ የቀረ ዝምታ ይነቅዛል፣ እኔን ጠይቁኝ።

እስከሚሄዱ ድረስ ባሉት ሳምንታት ያደረግኩትን ባስብ አሁንም ያሳፍረኛል። ፒኜቶ እሄዳለሁ፣ ሻንጣ አስራለሁ፣ ካፖርት እገዛለሁ፣ ስለ ካናዳ ብርድ አወራለሁ። እንዴት አደሩ ስላቸው ደህና ይሉኛል፤ እኔም ቶሎ ብዬ ወደ ሻንጣው እመለሳለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ዛሬስ ጎንዎ?» አላልኩም። የሕመም ማስታገሻ ገዝቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጫለሁ፣ ያም ዘወር ብዬ። ፈራሁ። ከጠየቅኩ የማውቅ እሆናለሁ፤ ካላወቅኩ ደግሞ ጥሩዋ መምህርት ነኝ። እንዲህ ያለች ፈሪ ነበርኩ።

አውሮፕላን ማረፊያ የሸኘናቸው ሲስተርና እኔ ነን። እማማ አዲሱን ካፖርት ለብሰው፣ ለጠባቂው ስማቸውን ፊደል በፊደል ጠርተው፣ ብቻቸውን አለፉ። ሲስተር «ተመልከቻት!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ አልቅሼ ልሞት ደረስኩ፤ ሲስተር ናፍቆት መሰላቸው።

ሰው ይህን ስነግረው «ታዲያ ምን አጠፋሽ? ልጃቸውን አገናኘሻቸው» ይለኛል። እኔም ለራሴ ብዙ ጊዜ እንዲህ ብያለሁ። ግን ያቺ አንዲት ነገር አትለቀኝም። ከፋሲካ እስከ ሰኔ ደጋግመው ነግረውኛል፣ እኔ ነኝ ያልሰማሁት። በጊዜው ብሰማ፣ ገና ፈተና ሳይኖር፣ ገና ሐኪም ሳይኖር፣ ምናልባት ታክመው ድነው ለከርሞ ይሄዱ ነበር። ከርሞ ይኖር ነበር። ያን ከርሞ የበላሁት እኔ ነኝ፤ መምህርት መባል ጣፍጦኝ።

በዓመቱ ካናዳ ያለችው ልጃቸው ሲኞራዬ ቤት ስልክ ደወለች። ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ድምፅዋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ የእናቷ ድምፅ ነው። ክረምቱን አብረው እንዳሳለፉ፣ በረዶውን በመስኮት እያዩ እንደሚስቁ፣ ሁዳዴ ሲገባ ሐኪም ቤት እንደገቡ፣ እንዳልወጡም ነገረችኝ። አርባቸውም ወጥቷል። «እናቴን ያመጣሽልኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ባንቺ ትምህርት ነው። እግዜር ብድርሽን ይክፈልሽ፤ እኔ አልችልም።» አሜን ማለት አቃተኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እህቴ» አለች። «ሐኪሞቹ የቆየ ሕመም ነው አሉኝ። እዚህ ሲጠይቋት አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔን እኔን ታያለች። እኔ በአማርኛ ስጠይቃት ‹ደህና ነኝ ልጄ› ነው። ግን እኮ እንግሊዝኛ ትችላለች! ሱቅ ገብታ ሻጩን ስታስጨንቀው በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ‹ያመኛል› የምትለዋን እንዴት አጣቻት? ወይስ አውቃ ነው የደበቀችኝ? እሱን ብቻ ንገሪኝ፤ አውቃ ከሆነ መቼም አይወጣልኝም።»

ካውያውን አቆምኩት። ሲኞራዬ ከሳሎን «ማነው?» ትላለች።

«እሱ ትምህርት ላይ አልደረስንም ነበር» አልኳት።